ጂንሰንግ በቅቤ

ልጄ ልቧ ላይ ሰው ሠራሽ ቫልቭ አላት። ደሟ እዚያ ላይ እንዳይረጋ በየቀኑ ደም ማቅጠኛ ኪኒን ትውጣለች። ኪኒኑ ካነሰ ደሙ ይረጋል፣ ከበዛ ትደማለች። ሐኪሞቹ ይህን በደንብ አስረድተውኛል፤ ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ የለኝም። ጎመን ኪኒኑን ያዳክማል ስለተባለ እቤታችን በልክ ነው የሚበላው። ቡታጅራ ተቀምጦ ለእንግዳ ክትፎ ያለ ጎመን ማቅረብ ያሳፍራል፤ ለምደነዋል።

ወንድሜ አዲስ አበባ ይነግዳል። ዘንድሮ ሊጠይቀን ሲመጣ ከቻይኖች ሱቅ የገዛውን ደረቅ ሥር ይዞ መጣ። እንደ ሰው እጅና እግር ያለው ነገር ነው፤ ሳየው ደነገጥኩ።

«ጂንሰንግ ይባላል። ጉልበት ይሰጣል። ሳይንስ ያረጋገጠው ነው» አለ።

«የትኛው ሳይንስ?» አለች ልጄ።

«ስልክ ይዘሽ እኔን ትጠይቂያለሽ?»

ስልኳን ከፍታ አነበበችልን። ድካም ይቀንሳል የሚል ጥናት አለ፤ አይቀንስም የሚልም አለ። አንዱን የሞከሩት አይጥ ላይ ነው።

«አይጡ ዳነ?» አልኳት።

«መጀመሪያም አልታመመም፣ እማዬ።»

«ሌላውስ?»

«እሱ ሰው ላይ ነው፣ ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው።»

«ከእድራችን ያነሱ?»

«በጣም።»

«ወላሂ፣ የናንተ ነገር!» አለ ወንድሜ። «ሥር አይደለም እንዴ? እንደ አሚቾ ቀቅለሽ ስጫት በቃ።»

ለእኔ እንዲህ ከተባለ አለቀ። እኛ ዘንድ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የሚሆን የእንሰት ዓይነት አለ። ሥሩ፣ አሚቾው፣ ይቀቀልና በወተት ይሰጠዋል። እናቴ ስታደርገው እንዳየሁት፣ ሌላ ሰው አይቀምሰውም፤ በሽተኛው ብቻውን እስኪጨርሰው ይበላል። ተጀምሮ አይተውም። ጂንሰንጉንም እንደዚያው አደረግኩት። ቀቀልኩ፣ ወተት ጨመርኩ፣ ቅቤ ጠብ አደረግኩበት። ልጄ «አፈር አፈር ይላል» እያለች በላች። ጎመን ስላልሆነ ስለ ኪኒኑ አላሰብኩም።

ቀጠሯችን ደረሰ። ዶክተሩ የደም ውጤቷን ሁለት ጊዜ አየው። ሐኪም ደግሞ ሲያይ አልወድም።

«ደምሽ ወፍሯል። ኪኒን ዘለልሽ?» አላት።

«አልዘለልኩም።»

«ጎመን?»

«ኧረ ከየት መጥቶ!»

ወደ እኔ ዞረ። «አዲስ የበላችው ነገር አለ፣ እናቴ?»

ነገርኩት።

«ጂንሰንግ በቅቤ?»

«ቅቤው ትንሽ ነው» አልኩ።

እሱም ስልኩን አወጣ። «ኪኒኑን ያዳክማል የሚል ጥናት አለ። ምንም አያደርግም የሚልም አለ።»

«ታዲያ የቱ ነው ልክ?»

«ገና አልለየለትም። እናንተ ግን አቁሙ።»

«ተጀምሮ አይቆምም እኮ፣ ዶክተር።»

«እሱ አሚቾ ነው። እኔም እጄ ተሰብሮ በልቻለሁ፣ ጨርሻለሁም። ይሄ ይቆማል።»

ለጥቂት ቀን ኪኒኑን ጨመረላት። አፏ ከተጣመመ ወይም አንድ ወገኗ ከዛለ ሮጣችሁ ኑ አለን። ሥሩን አቆምን፤ ከዚያማ ባትቀጥልም ፈራሁ፣ ብትቀጥልም ፈራሁ። ጠዋት ገና ስትነሳ «ፈገግ በይ እስቲ» እላታለሁ፤ አፏ ቀጥ ማለቱን ለማየት ነው።

«የሚያስቅ ነገር ንገሪኛ» ትለኛለች።

የለኝም።

ተመልሰን ሄድን። ደሟ ልክ ገብቷል። አልሐምዱሊላህ።

«ሥሩ ነበር ማለት ነው?» አልኩት ዶክተሩን።

«ሊሆን ይችላል። ኪኒኑንም ጨምረን ነበር። በአንድ ሰው አይታወቅም።»

«እኔ ያለችኝ አንድ ናት» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ቀጣዩን ቀጠሮ ጻፈልን።

ማታ ወንድሜ ደወለ። «የተረፈውን ምን አደረግሽው?»

«ጓሮ፣ እንሰቱ አጠገብ ቀበርኩት።»

«ይበቅላል እንዴ?»

«አልተጠናም» አልኩት።