ከአጥሩ ሥር ብቅ ያለው ቱቦ

ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፈሩ ግን የሚጠራት "የውሃ ልክ ሚስት" እያለ ነው። ውሃ ልክ ማለት ባሏ ነው። ስሙን ያወጡለት ግንበኞች ናቸው። ቁጢጥ ብሎ አንድ ዓይኑን ከጨፈነ፣ ውሃ በየት በኩል እንደሚወርድ ሳይለካ ይናገራል። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ሰፈር ሥራ አይፈታም፤ አዲሶቹ ቤቶች የተሠሩት ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ነዋ! ዋልካ ደግሞ አመሉ ክፉ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ይውጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃውን አልጠጣም ብሎ ግቢ ላይ አንጣልሎት ይከርማል። ባሏ የስንቱን ግቢ ቆፍሮ፣ ቱቦ ቀብሮ፣ ጠጠር አልብሶ አድርቋል። የራሱ ግቢ ግን ሁለት ክረምት ኩሬ ሆኖ ከረመ። እሷም ደንበኞቿን በጡብ ላይ እያዘለለች አስገባች።

ዘንድሮ ዝናቡ ሳይገባ የነሱን ሊሠራ ማለላት። ሰኞ ጠዋት ዶማና አካፋውን ተሸክሞ ከቤት ወጣ፤ ከበሩ ወጥቶም ወደ ግራ ታጠፈና ጎረቤት ገባ።

ጎረቤቲቱ አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ውላለች። ባሏ ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው፤ በወር አንዴ ከመጣ ጥሩ ነው። የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ያለው ደግሞ በአጥሩ በኩል ካለው መስኮት ሥር ነው። ፔዳሉን ረገጥ ስታደርግ የመኪናው ድምፅ፣ ስታቆም የባሏ ሳቅ ይሰማታል። እየደጋገመች ታቆም ጀመር።

አሥራ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህ ሰው ከሥራ ገብቶ የሚናገረው ሦስት ነገር ነበር፤ "ደክሞኛል"፣ "ውሃ አቀብዪኝ"፣ "ደህና እደሪ"። ይኸው ሰው አንድ አጥር ሲሻገር ወሬኛ ሆኖ ቁጭ አለ! አስተማሪዋ "ጋሼ፣ ይሄስ?" ትላለች፤ እሱ ያብራራል። "ጋሼ፣ እንዴት?" ትላለች፤ እሱ ይስቃል። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ሁለቴ ሰበረች። "ጋሼ ይባልልኛል! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል ሴት ብቻ ይመስለኝ ነበር" አለች ለራሷ።

ማታ ራት ስታቀርብለት፣ "እዚያ ምን ሠራህ?" ብላ ሞከረችው።

"ቦይ።"

"የኛስ?"

"ይደርሳል። ደክሞኛል።"

ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ፤ ረቡዕም። ረቡዕ ከሰዓት ባሏ ጠጠር ሊያመጣ በሄደበት፣ ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ዞረች። እዚያ ከአጥሩ ሥር፣ በእሷ ግቢ በኩል፣ አንድ የቱቦ አፍ ብቅ ብሏል። ከወዲያ የመጣ ቱቦ ነው። ቆማ አየችው፣ ጎንበስ ብላ አየችው፣ ከዚያ ሁሉ ነገር ፍንትው አለላት። የዚያችን ሴትዮ ግቢ አድርቆ ውሃዋን ሊያመጣው ነው! በሚስቱ ኩሬ ላይ የጎረቤቱን ኩሬ ሊጨምር!

የዋልካን ጠባይ እሷም በጫማዋ ታውቀዋለች፤ ከያዘ አይለቅም። ከመሬቱ ዘግና፣ ውሃ ጠብ አድርጋ፣ እንደ ሊጥ አሽታ ቱቦው ውስጥ ጠቀጠቀችው። በመጥረጊያ እንጨትም እየገፋች እንዳይታይ ወደ ውስጥ አርቃ ሰደደችው። እጇን ታጥባ ወደ መኪናዋ ስትመለስ፣ ከስንት ቀን በኋላ ደስ አላት።

ደስታዋ አንድ ቀን ነው የቆየው። ሐሙስ ጠዋት ባሏ የራሳቸውን ግቢ መቆፈር ጀመረ። ከሰዓት በኋላ አዲሱን ቱቦ ጓሮ ድረስ ወስዶ ከዚያው ከአጥሩ ሥር ካለው አፍ ጋር ገጠመው። እሷም በመስኮት አየችው። አሁን ልንገረው አለች። ግን "ለምን ደፈንሽው?" ቢላት ምን ትላለች? "ሳቅህን ሰምቼ" ትበለው? ዝም አይነቅዝም ብላ ስፌቷ ላይ አቀረቀረች። እሱም ጠጠሩን አለበሰ፣ አፈሩን መለሰ፣ በእግሩ ረጋገጠ።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ከጣሪያው ላይ የተሰበሰበው ውሃ ሁሉ ቱቦው ውስጥ ገባ፤ ገብቶም ተመልሶ ወጣ። ግቢው ሞላ፣ ደረጃውን አለፈ፣ የስፌት ክፍሏ ገብቶ መሬት የተቀመጠውን የደንበኛ ጨርቅ ሁሉ አራሰው። ባሏ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ አንዴ ቱቦውን፣ አንዴ አጥሩን ያያል። በሕይወቱ የሠራው ቦይ ወደ ኋላ መልሶበት አያውቅም። ሰውዬው ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም፤ ይኸው ነው ያለው።

ዝናቡ ሲያባራ አካፋውን አነሳ።

"ወዴት ነው?" አለችው።

"ጎረቤት ግቢ ያለውን ላፈርሰው። ዓይኔ ከድቶኛል። ቁልቁለቱን ስቼዋለሁ።" ድምፁ ቀጠነ። "ከዚህ በኋላ የሰው ግቢ አልነካም። ያወጡልኝንም ስም ይመልሱት።"

አስተማሪዋ ጃንጥላ ይዛ በር ላይ ደርሳለች። "ጋሼ፣ አይዞዎት፣ ይቆፈር። እኔም አግዛለሁ" አለች።

ልብስ ሰፊዋ አየቻት፤ በእርጥብ ነጠላ ጫማ፣ አካፋ ልትቀበል እጇን ዘርግታ። ይህች ሴትዮ ባሏን ልታጽናና፣ እሷ ቆማ ልታይ? አላስቻላትም።

"አንተ አልሳትክም" አለች። "ዓይንህ ደህና ነው። እኔ ነኝ የደፈንኩት። በዋልካ።"

አስተማሪዋ ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ጃንጥላዋን አጥፋ ሹልክ አለች።

ባልየው አካፋውን መሬት ላይ ተከለ። "ለምን?" አለ።

"የሷን ውሃ ወደኔ ልታመጣ መስሎኝ ነዋ!"

"ውሃ ዳገት ይወጣል? የሷ ግቢ ዝቅ ያለ ነው። የኛ ውሃ በሷ በኩል ነው መንገድ የሚደርሰው። ቦይ ደግሞ ከታች ነው የሚጀመረው። አሥራ ስድስት ዓመት የቦይ ሠራተኛ ሚስት ሆነሽ ይሄን አታውቂም?"

"ማን ነገረኝ? ከኔ ጋር መቼ አፍህን ትከፍታለህ? እዚያ ሦስት ቀን ስትስቅ ዋልክ! ምን ነበር የምታወሩት?"

"ስለ ቦይ።"

"ሦስት ቀን ስለ ቦይ?"

"ጠየቀችኛ!" አለ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንቺ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

ሌላ ነገር ቢላት ይሻላት ነበር። ሌላ ነገር ቢሆን ሄዳ ያችን ሴትዮ ጸጉሯን ትነጫለች፤ ለዚህ የማን ጸጉር ይነጫል? ዓመቶቹን በልቧ ወደ ኋላ ቆጠረች። ጭቃ ልብሱን አጥባለች፣ ራቱን አቅርባለች፣ የታመመ ወገቡን አሽታለች፤ ጠይቃው ግን አታውቅም። ቅናቷ ከቅድሙ ባሰባት።

እሱ ጎንበስ ብሎ አፈሩን መዛቅ ጀምሯል። አጠገቡ መጥታ ውሃው ውስጥ ቆመች።

"እሺ፣ ለምንድን ነው ከታች የሚጀመረው?" አለች በእልህ።

ቀና ብሎ አያት፤ እያሾፈች መስሎት ነበር። እያሾፈች አልነበረም። ያቺ ሴትዮ የምታውቀውን አንዲትም ነገር ሳታውቅ ማደር አልፈለገችም።