ሁለት ሳይክል ወደ ፍላቂት

ማክሰኞ

ማክሰኞ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ሳይክል በጭነት መኪና አናት ላይ አስረን ከላሊበላ ወጣን። ተጓዦቹ እኔና አጎቴ ጋሼ ሲሳይ ነን። ጋሼ ሲሳይ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎችን እየዞረ ይቆጣጠራል። ሳይክል መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። አንደኛው ሳይክል የእሱ ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ኮርቻው ሰፊ፣ ከኋላው ዕቃ መጫኛ ያለው የቻይና ሳይክል። ሁለተኛው የአውራጃው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ያዋሰኝ ቀይ የእሽቅድድም ሳይክል፣ ኮርሳ ነው። ጎማው ቀጭን ነው፤ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች ተጠማዟል። ደረቴን አስተኝቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው የምነዳው።

የጉዞው ምክንያት አንድ ደብዳቤ ነው። በሚመጣው ሐምሌ ከየአውራጃው የተመረጡ ወጣቶች ቡልጋሪያ ሄደው፣ ከዚያ አገር ወጣቶች ጋር ዐሥራ ሁለት ቀን በሳይክል ይጓዛሉ። ከእኛ አውራጃ ከተመረጡት ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ! ደብዳቤው ሲነበብልኝ ሁለቴ አስደገምኩት። መጨረሻው ላይ ግን ሁለት መስመር ነበሩበት። ተጓዡ የሚነዳውን ሳይክል ራሱ መርጦ እስከ ሰኞ ያስመዝግብ፤ ከተመዘገበ በኋላ መለወጥ አይቻልም። በመጀመሪያው ቀን ከቡድኑ ወደ ኋላ የቀረ ደግሞ ቀሪውን መንገድ ከኋላ በሚከተለው መኪና ተጭኖ ይሄዳል።

ተጭኖ! ያን ያህል ባሕር ተሻግሬ፣ እንደ ጆንያ በመኪና ተጭኜ ልመለስ? ወሬው ከእኔ ቀድሞ ላሊበላ እንደሚገባ አውቃለሁ።

አባቴ የእንጨት መስቀል እየጠረበ ለጎብኝ የሚሸጥ ሰው ነው። ደብዳቤውን ሰምቶ ሥራውን ሳያቋርጥ፣ «እስካሁን ሰው ከሰው አገር እየመጣ እኛን ሲያይ ኖረ፤ ስንበላም ስንጸልይም አየን። አሁን ደግሞ ከእኛ አንድ ሰው ሄዶ እነሱን ይይ። ደኅና አድርገሽ አይተሽ ነይና ንገሪን» አለኝ። ያን ጊዜ ልቤ በሳይክሉ ተይዞ ስለነበር ነገሩን ብዙም አላስተዋልኩትም።

ሁለቱን ሳይክሎች ለመፈተን ፍላቂትን የመረጥነው በመንገዱ ነው። የላሊበላ መንገድ ድንጋይና ገደል ነው። ከጋሸና ወዲያ ያለው ግን ቻይናዎች የሠሩት ሰፊ የጠጠር መንገድ ነው፤ ደጋው ላይ ተዘርግቶ ይሄዳል። «ከውጭ አገር መንገድ ጋር የሚቀራረብ ያለን እሱ ነው» አለ ጋሼ ሲሳይ። ሾፌሩ ከእኛ ከሁለታችን ሁለት ሁለት ብር ተቀበለ። የሳይክሎቹን ስንጠይቀው፣ «እነሱ ወንበር አይፈልጉ፣ ነፃ ናቸው» ብሎ አሳቀን።

ቁልቁል ወደ ቆላው ወርደን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ከዚያ መኪናው እያቃሰተ ዳገቱን ተያያዘው። ጋሸና ኬላ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሺያ የይለፍ ወረቀታችንን ገልብጦ አየና ቀና ብሎ ወደ ሳይክሎቹ ተመለከተ።

«ወዴት ነው?»

«ፍላቂት። ልንፈትን ነው» አለ ጋሼ ሲሳይ።

«ማንን?»

«ሁለቱን ሳይክሎች።»

ሚሊሺያው፣ «የወደቀው ወደ እኔ ይላክ፤ እኔ በእግሬ ነው የምሄደው» ብሎ አሳለፈን።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍላቂት ገባን። ያረፍነው በአባቴ የአክስት ልጅ በእትዬ ጥሩወርቅ ቤት ነው። ገብስ ያርሳሉ፤ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ሁለት በሬያቸውን ራሳቸው ያስተዳድራሉ። ሳይክሎቹን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «አጥንቱን ብቻ ነው እንዴ የሚሠሩት? ሥጋውስ?» አሉ።

ረቡዕ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። መንገዱ ከፍላቂት እስከ ኮን ደርሶ መልስ ነው። እኔ በጥቁሩ፣ ጋሼ ሲሳይ በኮርሳው። ሰዓቱን የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ከመነሣቱ በፊት ሻይ በዳቦ በላ፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ነኝ።

«ጓድ ብርቄ፣ በዚህ ብርድ ሳትቀምሽ?» አለኝ።

«እማዬ ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

«እናትሽማ እኔን ነው የምትለኝ» ብሎ ዳቦውን ጎረሰ።

በሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም፤ የገብሱ ማሳ ግን ቢጫ ሆኗል። ከመንገዱ በስተግራ ብቻዋን የቆመች ጅብራ፣ ያችን ረጅም የደጋ ተክል፣ አየሁ፤ ጫፏ ታጥፎ ሰው የምትሰማ ትመስላለች። ትንሽ አለፍ ብሎ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። አንዱ ትልቁ ደረቱን ወደ ፀሐይ ሰጥቶ ነበር፤ ደወሌን ስደውል ዞር ብሎ አይቶኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሦስት ሴቶች የገብስ ነዶ ተሸክመው ሲመጡ መንገድ ለቀቁልኝና አንዷ፣ «እሰይ የእኔ እኅት! ወንዱን ድረሽበት!» አለችኝ። ወንዱ ጋሼ ሲሳይ ነው፤ እሱማ ከተራራው ወዲያ ጠፍቷል።

እዚያ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ዳገቱ ላይ ወርጄ ስገፋ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ደረሱብኝ።

«ልጄ፣ ይኸ ፈረስሽ ምን ይበላል?»

«ምንም አይበላ አባባ።»

«ምንም? ታዲያ በማን ጉልበት ነው የሚሄድ?»

ሳቅሁና አለፍሁ። እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት።

ኮን ላይ ጋሼ ሲሳይ ሻዩን ጠጥቶ፣ ከባለሻይ ቤቱ ጋር ወዳጅ ሆኖ ጠበቀኝ። በመልሱም እንደዚያው፤ እሱ እየቆመ ይጠብቃል፣ እኔ እየገፋሁ እደርሳለሁ። ፍላቂት ስንገባ አምስት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ፈጅቶብኛል።

«በቃ፤ ይኼ ሳይክል የቀበሌ ሳይክል ነው፤ ቡልጋሪያ ድረስ የሚሄድ አይደለም» አለ የራሱን ሳይክል እየደባበሰ።

እኔም ጥቁሩን ጠላሁት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሽሮ ፍትፍት በልቼ፣ ደብተሬን አውጥቼ አምስት ገጽ ጻፍኩ።

ሐሙስ

እትዬ ጥሩወርቅ በማለዳ ጭኮ አቀረቡልን፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ። ሁለት ጊዜ ደገምኩ። ከዚያ እኔ ኮርሳው ላይ ወጣሁ፣ ጋሼ ሲሳይ ጥቁሩን ያዘ።

በረርኩ! ሌላ ቃል የለውም። ትናንት የገፋሁበትን ዳገት ሳልወርድ ወጣሁት። ነፋሱ በጆሮዬ ያፏጫል፤ ጠጠሩ ከጎማዬ ሥር እንደ ቆሎ ይፈነጠራል። ቀጭኑ ጎማ ድንጋይ እንዳያገኝ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሣሁም። ጋሼ ሲሳይ ከጎኔ ሆኖ ወሬ ሲነግረኝ ኮን ደረስን፤ ሲነግረኝ ተመለስን። አራት ሰዓት ከሩብ ብቻ ፈጀብኝ! ከትናንቱ ያነሰው አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

እዚያው ደጃፍ ላይ ሆኜ ወሰንኩ። ኮርሳውን አስመዘግባለሁ፤ መኪና ላይ አልጫንም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምሥራቹን ለእትዬ ጥሩወርቅ ነገርኳቸው። እሳቸው ለበሬዎቻቸው ጭድ እያቀረቡ ነበር።

«ትናንት በከባዱ ዘገየሽ፣ ዛሬ በቀዩ ፈጠንሽ?»

«አዎ እትዬ።»

«ዛሬ ጠዋት ምን በላሽ?»

«የእርስዎን ጭኮ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትማ ረቡዕ ነው፣ ጾም...»

እሳቸው ግን አልጨረሱም፤ ወደ ጋሼ ሲሳይ ዞሩ።

«አንተ ዛሬ በየትኛው ነበርህ?»

«በከባዱ።»

«እሷ ቀድማህ ገባች?»

«የለም፤ አብረን ነው የገባነው» አለ።

«ኧረ የእናንተ ነገር! ሁለታችሁም ቀለም ቆጥራችኋል ይባላል» ብለው ጭዱን አራገፉ። «አንች ልጅ፣ በሬው ተርቦ ሳለ ሞፈሩን ትሰድቢያለሽ?»

ጋሼ ሲሳይ ከት ብሎ ሳቀ። ደብተሩ ላይ ሰዓቱን እስከ ደቂቃው ጽፈናል፤ ነፋሱንም፣ የጎማውን አየርም ጽፈናል። ሆዴን ግን ማንም አልጻፈውም። ሽማግሌው «በማን ጉልበት ነው የሚሄድ?» ያሉኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ቅጹ ሰኞ ይገባል፣ እኔ ግን ሁለቱን ሳይክሎች እስካሁን አላወቅኋቸውም።

«ነገ ዓርብ ነው። በኮርሳው ሂጂ፤ ግን ብዪ» አለኝ ጋሼ ሲሳይ።

«አልበላም። ፈተናው እኩል ይሁን ካልን ረሃቡም እኩል ይሁን። ቡልጋሪያም ቢሆን ረቡዕና ዓርብ አይቀርም።»

እትዬ ጥሩወርቅ፣ «አሁን ሰው ሆንሽ» አሉኝ።

ዓርብ

ኮርሳው ላይ ወጣሁ፤ እንደ ረቡዕ ባዶ ሆዴን፣ እንደ ረቡዕ ሁለት ሰዓት ላይ። ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ያ የሐሙሱ ክንፍ የት ገባ? እዚያው ዳገት ላይ፣ እዚያው ቦታ ወርጄ ገፋሁ። ወገቤ ታመመ፤ አንገቴ እንደ እንጨት ደረቀ። ከኮን ስንመለስ ደግሞ ሹል ጠጠር የፊቱን ጎማ በሳው።

ጋሼ ሲሳይ ሰዓቱን አቁሞ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ መለጠፍ ያዘ። እኔ መንገድ ዳር ተቀመጥኩና ቀና አልኩ። አጠገቤ አንዲት ጅብራ ቆማለች፤ ጫፏ ታጥፏል። የረቡዕዋ ናት! በኮርሳው ስመላለስ ይህ አራተኛዬ ነው፤ አንድ ጊዜም አላየኋትም። ከገደሉ ማዶ ተራራ ከተራራ ጀርባ ተደርድሮ፣ የሩቁ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እሱም ሐሙስ አልነበረም።

ደብተሬን አወጣሁ። ረቡዕ፣ ያ ሁሉ ድካምና ረሃብ እያለ፣ አምስት ገጽ ጽፌአለሁ፤ ጭላዳው አለ፣ ሴቶቹ አሉ፣ ሽማግሌው አሉ። ሐሙስ የጻፍኩት ስምንት መስመር ነው፤ ስምንቱም ስለ ጠጠር። ኮርሳው አንገቴን አስደፍቶ፣ ጥቁሩ ደግሞ ቀና አድርጎ ነው የወሰደኝ። የአባቴ ድምፅ መጣብኝ፦ «ደኅና አድርገሽ አይተሽ ነይና ንገሪን።» ዐሥራ ሁለት ቀን ጠጠር አይቼ ብመለስ ምን እነግረዋለሁ?

ፍላቂት ስንገባ ጎማው የወሰደውን ጊዜ ቀነስን። አምስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። ከጥቁሩ የሚበልጠው በአምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

«ጋሼ» አልኩ፤ «ጥቁሩን ብመርጥስ?»

የጥቁሩን መሪ በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

«እውነቱን ልንገርሽ? ኮርሳውን ያሞገስኩት ፈጣን ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጥቁሯን ስለምሳሳላት ነው። እሷ ከሄደች እኔ ጣቢያዎቹን በእግሬ ነው የምዞረው።»

«እንግዲያው ይቅር ጋሼ።»

«ማን ይቅር አለሽ? በእግሬ ነው የምዞረው አልኩ እንጂ አልሰጥሽም አልኩ?» ደወሏን አንድ ጊዜ አንጫረረና፣ «ግን ቁርስሽን ብዪ። ያን ቀን ኋላ ቀርተሽ መኪና ላይ ከጫኑሽ፣ የሚሰደበው ስምሽ ሳይሆን ሳይክሌ ነው» አለ።

ቅዳሜና ሰኞ

ቅዳሜ በገብስ ጫኝ መኪና ተመለስን። እትዬ ጥሩወርቅ ስንቅ ብለው አንድ ቁና በሶ ቋጠሩልኝ፤ «ለቡልጋሪያ ነው፣ መንገድ ላይ እንዳትጨርሽው» አሉ። በሶ የጾም ነው፣ ረቡዕም ይበጠበጣል። ጋሸና ላይ ያው ሚሊሺያ ቆሟል።

«ማን ወደቀ?» አለ።

«እኔ ወድቄ ነበር፤ ዓርብ ድጋሚ ተፈተንኩ» አልኩት። አልገባውም፤ ግን ሳቀ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችንን ጠየቅኋቸው። «መንገደኛ ነሽ፤ ጠዋት በሶሽን ጠጪ፣ ቅቤውን ብቻ ተዪ» አሉኝ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ የጠየቀ አልነበረም እንጂ።

ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ገና ሲከፈት ደረስኩ። ኮርሳውን ጠርጌ መለስኩና ቅጹን ተቀበልኩ። «የሳይክሉ ዓይነት» በሚለው ላይ፦ ጥቁር፣ የቻይና፣ ዕቃ መጫኛ ያለው። «የተመረጠበት ምክንያት» በሚለው ላይ ደግሞ፦ ቀና አድርጎ ያስቀምጠኛል።

ጸሐፊው መነጽሩን ወደ አፍንጫው አወረደ። «ይኼ ምክንያት ነው?»

«አዎ ጓድ።»

«ፍጥነቱስ?»

«ፍጥነቱ ከሳይክሉ አይደለም፤ ከቁርስ ነው።»

ማኅተሙን አንሥቶ መታበት።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፍ ላይ መስቀል ይጠርባል። የፍላቂትን ነገር ልንገርህ ብዬ ደብተሬን ከፈትኩና ከረቡዕ ጀመርኩ። ጅብራዋ ጋ ስደርስ መጥረቢያውን አስቀመጠ። ጭላዳው ጋ ስደርስ እናቴን ጠራት። ሽማግሌው «በማን ጉልበት ነው የሚሄድ?» ሲሉኝ ሁለቱም ሳቁ። ጨርሼ ደብተሩን ስዘጋ አባቴ፣ «ይኼ እንግዲህ እዚሁ ማዶ ነው» አለ፤ «የቡልጋሪያውማ እንዴት ይሆን!»