በረዶ ሳይጥል

ሆላንድ፣ ዛንዳም ከተማ ባለ መጋዘን ውስጥ ደንበኞች የመለሱትን ዕቃ ነው የምለየው። ዛሬ አንዱን ካርቶን ስከፍት የስኪ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ወጣ። የእርጥብ ሱፍና የላስቲክ ሽታው አፍንጫዬን መታው።

ልጅ ነበርኩ። ሆላንድ ሳንገባ በፊት እኔንና እናቴን ኦስትሪያ ውስጥ፣ ተራራ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ስደተኛ የሚቀበሉት ሰዎች የአንዲት አሮጊት ሆቴል ውስጥ አስቀመጡን። ደረጃው ሥር የተደረደረው የኪራይ ጫማ እንዲሁ ይሸት ነበር።

«ይሄ ድሮ የላም በረት ነበር» አሉን አሮጊቷ። «ያኔ በረዶ ሲጥል እንራብ ነበር፤ አሁን በረዶው ነው የሚያበላን።»

ከትምህርት ቤት ጀርመንኛ ለቃቅሜ ስለነበር የእናቴ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። በረዶው ሊጀምር ሲል አሮጊቷ «ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ» አሉ፤ እኔም እንዳለ ነገርኳት። እናቴ ወሎዬ ናት፤ እንግዳ ሲባል ሰምታ መቀመጥ አታውቅም።

«ታዲያ በባዶ ቤት ልንቀበላቸው ነው እንዴ? ተነሺ፣ ዱቄት ፈልጊ!»

ወለሉን ፈተገች፣ ጸጉሬን ሠራችኝ፣ ድፎ ዳቦ ጋገረች።

ቅዳሜ ጠዋት የመጣው ግን እኛን የሚወስድ አውቶብስ ነበር። ክፍላችን ለበረዶ ተንሸራታቾች ተከራይቷል። አሮጊቷ ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልለው እስከ አውቶብሱ ተከተሉን።

እናቴ እጇን አልዘረጋችም። «ይተዉት እማማ፣ ለእንግዶቹ ነው» አለች።

ይሄኛውን አልተረጎምኩላቸውም።

ጫማውን መደርደሪያው ላይ ስወረውር አጠገቤ የምትሠራው ሆላንዳዊት አየችኝና «አንቺስ ስኪ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ስኪ የሚሄዱበት ቦታ ኖሬያለሁ። በረዶ ሊጥል ሲል አስወጡን እንጂ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች።