ዓይነ ደረቋ ልጄና ሰማያዊዋ ሻርክ

ጠዋት፣ ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር፣ ነታንያ

ከቤት የወጣሁት ልጄን ሊአትን ከባሕር ላስቀራት ነው። በጥልቅ ባሕር የምትኖረውን ሰማያዊ ሻርክ የሚያጠና ቡድን ሊቀጥራት ነው፤ ሥራው ከሻርኮቹ ጋር መዋኘት ነው። ዛሬ የሙከራ ቀን ስለሆነ ቤተሰብም አብሮ መሄድ ይፈቀድለታል። ባለቤቴ ትርንጎ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች።

«ሂድና በዓይንህ አይተህ፣ ተይ በላት። የአንተን ቃል አትጥስም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አትጥስም።

ከሊአት ጋር በአውቶቡስ የራማት ፖሌግን ሰፈር አልፈን ወደ ደቡብ ወረድን። ወደቡ ላይ የገዛሁት ቡሬካስ፣ አይብ ያለበት ቂጣ፣ ዋጋው ያስቆጣል፣ ጨውም በዝቶበታል። ጀልባዋ ስትነሳ እኔ መደገፊያውን ጨብጬ ያዝኩ፤ ሊአት ግን እየበላች ታስተምረኛለች። ሻርክን በዕብራይስጡ ካሪሽ ነው የምትላት።

«አባ፣ ካሪሽ መዋኘት ካቆመች ትንፋሽ ያጥራታል። ከተወለደች ጀምሮ ብቻዋን ናት፤ እናቷ አታሳድጋትም።»

«ምነው እናትሽ ይህን በሰማች!»

«ስትመጣብህ ዓይኗን እያት፣ እሺ? ቤሴደር? ዓይንህን ከሰበርክ ትቀርብሃለች።»

እኔ ያደግሁት በተቃራኒው ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሲመጣ ዓይን ይሰበራል፤ ቄስም ይሁን ዳኛ። ሊአት ልጅ ሳለች ሽማግሌ ላይ ስታፈጥ «ዓይነ ደረቅ!» እያልን ነው ያሳደግናት።

ቀትር፣ ጥልቁ ባሕር

የነታንያ ፎቆች የክብሪት እንጨት አከሉ። ሊአት ዘላ ገባች። እኔ ዋና አልችልም፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያና መነጽር አጠለቁልኝ፣ የጀልባዋን መሰላል ይዤ ፊቴን ውሃ ውስጥ ነከርኩ።

መጀመሪያ ሰማያዊ ብቻ ነበር። ከዚያ ሰማያዊው ተንቀሳቀሰ። ከእኔ ቁመት ትረዝማለች፤ ዓይኗ ክብ፣ ጥቁር። ሊአትን ዞረቻት፤ በየዙሩ ትቀርባለች። የሊአትን ጉልበት በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችው። ሻርክ እጅ ስለሌላት የምትዳብሰው እንዲህ ነው። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ልጄ ግን አልሸሸችም፤ ዓይኗን ትኩር ብላ አየቻት። ሻርኳ ትታት ወደ እኔ መጣች።

እኔም እንዳስለመዱኝ ዓይኔን ሰበርኩ፤ አንገቴን ደፍቼ እግሬን አየሁ። አንድ ከባድ ነገር ጎኔን ነካኝ። ልጮህ ስል ሊአት ዋኝታ ደረሰች፤ እጇ አገጬን ይዞ ቀና አደረገኝ። ልጅ የአባቷን አገጭ ስትይዝ በዕድሜዬ አላየሁም። ያን ጥቁር ዓይን ጎን ለጎን ሆነን አየነው። ሻርኳ ቀስ ብላ ዞራ ሄደች።

ጀልባዋ ላይ ስንወጣ ሊአት ዓይኗን ሰብራ «ይቅርታ፣ አባ» አለችኝ።

አመሻሽ፣ ቤት

ትርንጎ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ታዲያ፣ ተይ አልካት?»

«አላልኳትም።»

«ምነው? ምን አይተህ?»

«ልጅሽ ዓይነ ደረቅ ናት» አልኳት፤ «ባሩክ ሃሼም፣ እግዜር ይመስገን።»