መንገድ ዘጊው ኖፔራ

ኖፔራ ሄማራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመኪና ሲወዳደር አንድም ዋንጫ በስሙ አልወሰደም። የማያውቁት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ያዝኑለታል። የዋይኮሬ ከተማ ሰዎች ግን አያዝኑለትም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ከመወዳደሪያው ሜዳ በላይ ያለው ጉብታ ላይ የሚቀመጡት እነሱ ስለሆኑ፣ ማን ምን እንደሠራ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ዋይኮሬ ውስጥ ሰው ሥራውን አቋርጦ የሚመጣው የቡድን ውድድር ሲኖር ነው። አራት መኪና ለአራት መኪና ይገጥማሉ። ከአራቱ አንዷ ቀድማ ከገባች ቡድኑ አሸነፈ። ስለዚህ አንዱ ሯጭ ይሆንና ዞሮ ሳያይ ይነዳል። የቀሩት ዘጊዎች ናቸው፤ የተቃራኒውን ሯጭ አድፍጠው ይጠብቁና ገጭተው ከግንቡ ጋር ያጣብቁታል። መኪኖቹም ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ ዙሪያቸውን በወፍራም ብረት ታጥረው ከመኪናነት ይልቅ ወደ በሬነት ያደላሉ።

ኖፔራ ሃያ አራት ዓመት ሲሞላው፣ ቀን በሥጋ ፋብሪካ የበግ ሥጋ ከአጥንት እየለየ፣ ማታ ማታ ጓሮው ውስጥ እየበየደ የመጀመሪያ መኪናውን ሠራ። ሕልሙ ሯጭ መሆን ነበር። የቡድኑ መሪ አንክል ፐርሲ የሚባል ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ ነበር፤ ከተማው በሙሉ፣ ዘመዱ የሆነውም ያልሆነውም፣ አንክል ይለዋል። ኖፔራ ሲለማመድ ግማሽ ቀን ቆሞ ካየው በኋላ ጠራው።

«አንተ ልጅ፣ ችኮላ የለብህም» አለው። «የሚቸኩል ሰው ሞልቶኛል። ዘጊ ትሆናለህ።»

ኖፔራ አኮረፈ። ያኔ እጮኛው የነበረችው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ሜሬያና፣ ምን ሆነሃል ብትለው ምንም አለ። በሦስተኛው ሳምንት ግን የዋንጋራፓን ከተማ ሯጭ ሁለት ዙር ሙሉ ጠብቆ፣ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ገፋ አድርጎ ግንቡ ላይ አስተኛው። ሰዉ ከጉብታው ላይ ብድግ አለ። ከዚያ ወዲያ አላኮረፈም።

የሚዘጋው ለክላይቭ ሜርተን ነበር። ክላይቭ የወተት ላሞች ያሉት ገበሬ ነው፤ ቀጭን፣ ፀሐይ ያቀላው፣ አፉ የማያርፍ። መሪ ሲይዝ ግን ዝም ይላል ይባልለታል። ሁለቱ እንደ ወንድማማች ሆኑ። ክላይቭ ሦስት ጊዜ የቡድኑን ዋንጫ ይዞ ገባ፤ ፎቶውም መጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰው እንኳን ደስ አለህ ሲለው፣ መንገዱን የጠረገው ኖፔራ ነው እያለ ያቅፈው ነበር። እየቆየ ሲሄድ ይህን ማለት ረሳ። ኖፔራ መርሳቱን ልብ ብሎታል፤ ግን ሰው ረሳ ተብሎ ይወቀሳል እንዴ ብሎ ተወው።

አርባ ሦስት ዓመቱ ላይ፣ ጭቃው እንደ ሳሙና በሚያንሸራትትበት አንድ ዝናባማ ቅዳሜ፣ አንድ መኪና ከጎን መጥታ መታችው። በእግሩ ወርዶ በእግሩ ሄደ። በማግስቱ ግን የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ሻይ ብርጭቆው ይሙቅ ይቀዝቅዝ መለየት አቃታቸው። ሐኪሟ የአንገቱን ራጅ አንስታ አሳየችው። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢመታ እጁም አይመለስም፣ ሌላም ነገር ላይመለስ ይችላል አለችው።

ወደ ቤት የነዳችው ሚስቱ ሜሬያና ነበረች። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ሁለቱን ጣቶቹን ያዘች።

«ይሰማሃል?»

«አይሰማኝም።»

«እንግዲያው እስኪሰማህ አልለቅም» አለች። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ከኋላ ያለው ሰው ጥሩምባ ነፋ። እሷ ግን አልለቀቀችም፤ በአንድ እጇ መሪ ይዛ ነዳች።

መወዳደሩን ያቆመበት የዚያ ዓመት በጋ ከባድ ነበር። ሜዳው ከቤታቸው ሦስት ኪሎ ሜትር ቢርቅም፣ ነፋሱ ከተራራው በኩል ከመጣ የሞተሩ ድምፅ ወጥ ቤት ድረስ ይገባል። ኖፔራ ሳህን እያጠበ፣ ይሄ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ብዙ ቆየ ይላል ለራሱ። ሜሬያና ይህን ስታይ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር ዳር ትወስደው ጀመር። ሱሪያቸውን ሰብስበው አሸዋው ውስጥ የተቀበረውን ፒፒ የሚባል የሚበላ የባሕር ዛጎል በእግራቸው እየፈለጉ ባልዲ ይሞላሉ። እዚያ ከማዕበሉ ሌላ የሚሰማ የለም።

በኅዳር ወር አንክል ፐርሲ ከዘራውን ይዞ መጣ። ዓይኑ ደክሞ ከሜዳው ወዲያ ማዶ ያለውን መኪና መለየት አቅቶታል። ቡድኑን ተረከበኝ አለው።

«አንክል፣ እኔ እኮ መናገር አልችልም።»

«እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ስለፈልፍ ማን የሰማኝ መሰለህ? አንተ ዝም ብለህ ብታያቸው ይበልጥ ይፈራሉ።» ሽማግሌው ሻዩን ጨረሰና ደግሞ ጨመረበት። «ሥራው ሁለት ነገር ነው። አራት ሰው ትመርጣለህ። ለእያንዳንዱ ለምን እንደመረጥከው ትነግረዋለህ። ከዚያ የሜዳው በር ሲዘጋ ያንተ ነገር አለቀ።»

ኖፔራን ያሠቃየው የመጨረሻው ነበር። አራቱ መኪኖች ገብተው በሩ ሲዘጋ እጁ ሥራ ፈት ይሆንበታል። የአጥሩን ሽቦ ጨምቆ ይይዛል፤ አንድ መኪና ሲመታ አንገቱን ቀብሮ እሱም አብሮ ይመታል። ሜሬያና ከኋላው መጥታ፣ ልቀቀው፣ አጥሩ ብቻውን መቆም ይችላል ትለዋለች። የመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ ተሸንፎ ተሸንፎ አለቀ። እሱ ግን ሰዎቹን አጠና። ዘጊዎቹ የዌቲኒ ወንድማማቾች ከተጣሉ በኋላ ይበልጥ እንደሚተጋገዙ፣ ሌላው ዘጊ ደግሞ ሲፈራ እንደሚስቅ አወቀ። ለእያንዳንዱ የሚበቃውን ሁለት ቃል ብቻ መናገር ለመደ።

በሁለተኛው ዓመት ሄኒ መጣች። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ከደን ግንድ የሚያመላልስ ተሳቢ መኪና ትነዳለች። በመጀመሪያው ልምምድ ክላይቭን በመታጠፊያው ውስጥ በኩል ሦስት ጊዜ አለፈችው። ሁሉም አየ። ክላይቭም ጎማው ላይ ምክንያት ፈልጎ ወደ ላሞቹ ሄደ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኖፔራ እርሻው ድረስ ሄደ። ክላይቭ ላሞቹን ማለቢያው ውስጥ አስገብቶ ማሽኑን እያጠለቀላቸው ነበር። ቀና ብሎ አየው።

«ሻይ ልትጠጣ ነው ወይስ ልትቀብረኝ?»

«ሄኒ ትሩጥ» አለ ኖፔራ። ቃሉን መንገድ ላይ ሲለማመደው ነው የመጣው። «አንተ ዝጋላት።»

ክላይቭ አንዷን ላም ጨርሶ ወደ ሌላዋ ሄደ። «አርባ ስድስት ዓመቴ ነው እንጂ አልሞትኩም።»

«ስላልሞትክ ነው የመጣሁት። ያላንተ ቡድን የለኝም።»

«እኔ ዘግቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

ክላይቭ ያን ጊዜ ፊቱን አዞረ። «አንተ እኮ የዘጋኸው ሌላ ነገር ስለማትችል ነው» አለ።

ማሽኑ ይጮሃል። ላሞቹ ያመሰኳሉ። ኖፔራ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ለሜሬያና፣ እምቢ አለ ብቻ አላት። ራት ግን አልበላም፤ በማግስቱም የሚወደውን የአሳማ አጥንትና ድንች ቅቅል ነካክቶ ተወው። በሦስተኛው ቀን ክላይቭ ያለውን ሁሉ ነገራት። ትቆጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ጠየቀችው።

«እውነቱን ነው? ስለማትችል ነው?»

ኖፔራ አሰበ። አንድ ጊዜ፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ክላይቭ ክንዱን ተሰብሮ ሳለ አንክል ፐርሲ እሱን ሯጭ አድርጎት ነበር። አራት ዙር ሲቀረው ብቻውን ቀድሞ ነበር። ከዚያ ከጓደኞቹ አንዱ ሲገለበጥ በዓይኑ ጠርዝ አየና ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሁለት መኪና አለፈው። ሰዉ ሞተሩ ከዳው ብሎ ነበር።

«መንዳቱን እችል ነበር» አላት። «ግን ወደኋላ ማየቱን መተው አልቻልኩም።»

«እኔስ ያገባሁህ ለዚያ አይደል» አለችና ሳህኑን እንደገና አሙቃ አቀረበችለት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ እሑድ ጠዋት ክላይቭ መኪናውን ተጎታች ላይ ጭኖ ጓሮ ድረስ መጣ። የፊቱ ፓራውልት የለም።

«የሯጭ ፓራውልቱን ራሴ ፈታሁት» አለ፣ ዓይኑን ከኖፔራ ዓይን እያሸሸ። «የዘጊውን እንዴት እንደሚሠሩት አላውቅም።»

ኖፔራ ጓንቱን አወጣ። የግራ እጁ ስለማይታመን ብረቱን ክላይቭ ያዘለት፣ እሱ በየደ። እስከ ምሳ ድረስ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ወደ ላይ ከማለት በቀር አልተነጋገሩም። ሜሬያና በዳቦ የተጠቀለለ ቋሊማ አምጥታ ስትመለስ፣ ክላይቭ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያን ቀን ማለቢያው ውስጥ ያልኩህ ነገር...»

«ማሽኑ ይጮህ ነበር» አለ ኖፔራ። «ምንም አልሰማሁህም።»

ክላይቭ መስማቱን ያውቃል። ኖፔራም እንደሚያውቅ ያውቃል። «እሺ» አለ ክላይቭ። ብረቱን እንደገና አንስቶ፣ «በል አስተምረኝ። መቼ ነው የምመታው?»

«ሲመጣልህ።»

«ካልመጣስ?»

«ሜዳው ክብ ነው ክላይቭ። የት ይሄዳል?»

ትልቁ የቡድኖች ውድድር በጥር፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቅዳሜ ተጀመረ። ኖፔራ ከበሩ በፊት አራቱንም ለየብቻ ጠራቸው። ሄኒን፣ ከኋላሽ ያለውን እኛ እናያለን፣ አንቺ አትይ አላት። ክላይቭን ትከሻውን ብቻ ነካው።

በመጀመሪያው ግጥሚያ ክላይቭ ቸኮለ። ሯጩ ሳይደርስ ወጥቶ ሳተውና ራሱ ግንቡን መታ፤ ጎማው ተጣሞ ቀረ። እንደምንም የዌቲኒ ወንድማማቾች ቡድኑን አተረፉት። ሲመለስ ክላይቭ ስድብ ጠብቆ ነበር። ኖፔራ ውሃ ሰጠውና ጎማውን አብሮት ቀየረ።

በሁለተኛው ግጥሚያ ክላይቭ መታጠፊያው ጥግ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። አንድ ዙር አለፈ። የተቃራኒው ሯጭ ፈጣን ሰማያዊ መኪና ነው፤ በሩቁ እየዞረ ሄደ። ክላይቭ አልተነቃነቀም። ሁለተኛ ዙር አለፈ። ኖፔራ ሽቦውን ጨምቆ፣ ጠብቅ፣ ጠብቅ ይላል በልቡ። በሦስተኛው ሰማያዊዋ መኪና ሄኒን ልትደርስባት ስትል ክላይቭ ወጣ። ከጎኗ ገብቶ እስከ ግንቡ ድረስ ገፋት። ሁለቱ መኪኖች ብረታቸው ተጠላልፎ እዚያው ቀሩ። የክላይቭ አፍንጫ ወደ ግንቡ ዞሯል። ከፊቱ ከሲሚንቶ በቀር የሚታየው የለም።

ሄኒ ቀሪዎቹን ዙሮች ብቻዋን ነድታ ገባች። ጉብታው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተነሣ።

የማብቂያው ባንዲራ ሲውለበለብ ኖፔራ አጥሩን አልፎ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። ጭንቅላቱን በመስኮቱ አስገባ። ክላይቭ ቀበቶው ሳይፈታ፣ ሄልሜቱን አጥልቆ ተቀምጧል።

«ገባች?»

«ገባች።»

«አላየኋትም እኮ። ሰዉ ሲጮህ ብቻ ነው የሰማሁት።»

«እኔም አንተ ስትገባ አይቼህ አላውቅም» አለ ኖፔራ።

ክላይቭ ወደ እሱ ዞሮ ቀረ። ከሄልሜቱ ውስጥ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው፤ እንባ አቅርሯል። «ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም። ግንብ ነበር የማየው።»

ክላይቭ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ የኖፔራን ሸሚዝ አንገቱ ላይ ጨብጦ ያዘ፤ ጎታቹ መኪና መጥቶ ዞር በሉ እስኪላቸው ድረስ አልለቀቀውም።

እሑድ በግማሽ ፍጻሜው ተሸነፉ። ሄኒ የተሸነፈችው በአንድ መኪና ርዝመት ነው፤ ጎማዋን ረግጣ አለቀሰች። ኖፔራ አጠገቧ ቁጭ አለ፤ ለቅሶው ሲያልቅ የትኛው ማርሽ ላይ እንደነበረች ጠየቃት። ሦስተኛ ሆነው ጨረሱ።

ሜሬያና ኖፔራን ይዛ ወደ ቤት ስትነዳ ባሕር ዳር ቆመው የተጠበሰ ዓሣና ድንች ገዙ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሃያ ዓመት አብራው ስትኖር ስለ ውድድር ከሦስት ቃል በላይ ነግሯት የማያውቀው ሰው፣ የዚያን ቀን ስለ ክላይቭ ትዕግሥት፣ ስለ ሄኒ አነዳድ፣ የዌቲኒ ታናሽየው ስለሠራው ጉድ ሲያወራ ዓሣው ቀዘቀዘ። እሷ የራሷን በልታ ከጨረሰች በኋላ ከእሱም መንካት ጀመረች፤ እሱ አላየም።

ክላይቭ ሁለት ዓመት ዘጋና አቆመ፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ላይ ቋሊማ ይጠብሳል፣ የመጣውን ሁሉ ስለ መዝጋት ያስተምራል። ኖፔራ ቡድኑን ዘጠኝ ዓመት መራ። ዋንጫው የመጣው አንድ ጊዜ፣ በስድስተኛው ዓመት፣ ዝናብ ሲጥል ነው። አንክል ፐርሲ ሊያይ ባይችልም ብርድ ልብስ ተከናንቦ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ኖፔራ ዙሩን አንድ በአንድ በጆሮው እየነገረው አብረው ጨረሱት።