ሁለተኛው አራሚ

ነገሩን የሰማሁት ባሮ ሽንኩርት እያጠብኩ ሳለ ነው። ጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲው ደውዬ የባለቤቴን ውጤት ጠይቄ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ከሬጅስትራር መልሰው ደወሉልኝ።

«አቶ ሃርግሪቭ፣ ባለቤትዎ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አግኝተዋል» አለኝ ሰውዬው፣ በትሕትና። «ደረጃ ግን የለውም።»

«በማለፊያ ነው ማለትዎ ነው?»

«አይደለም። በማለፊያም፣ በማዕረግም፣ በከፍተኛ ማዕረግም አይደለም። እኛ የሕመም ዲግሪ እንለዋለን። ታሞ መጨረስ ለማይችል ተማሪ የሚሰጥ ነው፤ ደረጃ አይጻፍበትም።»

«እሷ እኮ ጨርሳለች። የመመረቂያ ጽሑፏን በግንቦት ራሴ ነኝ ያደረስኩት።»

የኮምፒውተሩ ቁልፎች ሲንኳኩ ይሰማኛል።

«አዎ፣ በግንቦት ደርሶናል። ዲግሪውን ግን ቦርዱ በመጋቢት አጽድቆታል። ከዚያ በኋላ የገባ ሥራ አይታረምም።»

«ማንም አላነበበውም?»

«ማንም፣ ጌታዬ። አዝናለሁ።»

የቧንቧውን ውኃ ዘጋሁት። ባለቤቴ አቭሪል ከሞተች ዘጠኝ ሳምንት ሆኗት ነበር።

አቭሪል የተወለደችው እዚሁ መንገድ ላይ፣ ድሮ የጥጥ ፋብሪካ ከነበረው ጀርባ ነው። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ትምህርት አቁማ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ሆና ሠራች። ድንቹን የምትጨልፈው የልጁን ሳሕን አይታ ሳይሆን የልጁን እጅ አይታ ነበር። ቁርስ ያልበላ ልጅ ሳሕኑን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው ትለኝ ነበር፤ ለእሱ ሁለት ጭልፋ። አለቃዋ በዚህ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፎባታል። ሁለቱንም ደብዳቤ የዱቄቱ ቆርቆሮ ሥር አነጠፈቻቸው።

ጡረታ ስትወጣ እረፍት ታደርጋለች ብዬ ነበር። በርቀት ትምህርት ሰባት ዓመት ለፍታ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያዘች። በስድሳ ዓመቷ ደግሞ ባቡር ተሳፍራ ሄደችና ለሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገበች፤ ታሪክ። ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ቁጥሩን አስረዳችኝ።

«ሃምሳ ካገኘሁ አለፍኩ። ስድሳ በማዕረግ ነው። ሰባ በከፍተኛ ማዕረግ።»

«መቶስ?»

«መቶ የሚባል ነገር የለም። ሰማንያ ያገኘ ሰው እንኳ እንደ ጉድ ይወራለታል።»

«ታዲያ የቀረውን ማን ይበላዋል?»

«እግዚአብሔርና ፕሮፌሰሮቹ ይካፈሉታል» አለችኝ። «አንተ ሽንኩርትህን ኮትኩት።»

ያስተማረቻት ዶክተር ሮዛሊንድ ፔል ናት፤ የትምህርቱ ኃላፊ። ብቻዋን የምትኖር፣ ቀጭን፣ ምግብ ማብሰል የማታውቅ ሴት። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ እኛ ቤት መብላት ጀመረች። አቭሪል ሥጋና ድንች በሊጥ ሸፍና ትጋግርላት ነበር።

«ዶክተር፣ ብዪ እንጂ። የሙት ልጅ መስለሽ እኮ አስተማሪዬ ነሽ ብዬ ለሰው መናገር አፈርኩ።»

«አቭሪል፣ ሦስተኛ ሳሕኔ ነው።»

«ቆጠርሽ? የቆጠረ ሰው አልጠገበም።»

የሚሥቁት ሣቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ለዚህ ነው ሮዛሊንድን እንደ ሌላ ሰው መጥላት ያቃተኝ።

የስድስቱ ኮርሶች አማካይ ስድሳ ዘጠኝ መጣ። የመመረቂያ ጽሑፉ የጠቅላላውን ሲሶ ይይዛል። አቭሪል የሸቀጥ ደረሰኝ ጀርባ ላይ አስልታ ሰባ ሁለት ካገኘች ሙሉው ሰባ እንደሚገባ አወቀች። ሰባ ሁለት ብላ ጻፈችና ፍሪጁ በር ላይ ለጠፈችው። የምትጽፈው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በከተማችን ትምህርት ቤቶች ለድኻ ልጆች ምሳ ያበስሉ ስለነበሩ ሴቶች ነበር። ማንም ስማቸውን አልጻፈም፤ እሷ አርባ አንዱን ከአሮጌ መዝገብ አገኘቻቸው።

በጥር ቆሽቷ ላይ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ ፋሲካን ካየች ጥሩ ነው አለን። በዚያ ሐሙስ ሮዛሊንድ መጥታ አለቀሰች፤ አቭሪል ናት ያባበለቻት።

«ዩኒቨርሲቲው ሊያግዝሽ የሚችልባቸው መንገዶች አሉ» አለች ሮዛሊንድ።

«ካዘኑልኝ ሾርባ ይላኩልኝ» አለች አቭሪል። «ውጤት እንዳይልኩልኝ። ያገኘሁትን ነው የምፈልገው። ሃምሳ ከሆነም ሃምሳ፤ ግን አንብበው የሰጡኝ ሃምሳ።»

እኔ ሰምቻለሁ። ሮዛሊንድም ሰምታለች፤ እጇን ይዛ ነበር።

በየካቲት መጨረሻ ወረቀት ይዛ መጣች። አቭሪል በዚያ ሰሞን የሕመም ማስታገሻው ስለከበዳት ሶፋው ላይ ትተኛ ነበር።

«ይሄ ሸክም እንዲቀልልሽ ነው» አለች ሮዛሊንድ። «ስለ ማስረከቢያው ቀን እንዳትጨነቂ።»

«ማራዘሚያ ነው?» አልኩ እኔ።

«እንደዚያው ነገር ነው፣ ክሊፍ። እዚህ ጋ ትፈርም።»

ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነበር፤ የተዘረጋው የመጀመሪያው ነው። በእኛ ሰፈር እንግዳ ያመጣውን ወረቀት እንግዳው ፊት ገልጦ ማንበብ ነውር ነው፤ አላመንኩህም እንደ ማለት ይቆጠራል። የጋዝ ቆጣሪ ሊያነብ ለሚመጣው ሰው እንኳ ሳናነብ ነው የምንፈርመው። ገበታችን ላይ ሁለት ዓመት ለበላችማ እንዴት ይሆናል? ብዕሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ከሥሩም የሻይ ትሪ ያዝኩላት፣ እንዲደላደልላት።

ከዚያ በኋላ አቭሪል መጻፍ ያዘች። ጠዋት ጠዋት፣ መድኃኒቱ ሳይከብዳት፣ አንድ ገጽ፣ አንዳንዴ ግማሽ። መተየብ ሲያቅታት እሷ እየተናገረች እኔ በሁለት ጣት እየለቀምኩ ጻፍኩ። ፋሲካን አለፈች። ሮዛሊንድ ሐሙስ ሐሙስ መምጣቷን አልተወችም፤ ምዕራፎቹን ወስዳ ዳር ዳሩን በእርሳስ ጽፋበት ትመልሳለች። «ይህን ከምን አገኘሽው?» «እዚህ ጋ አሳጥሪው።» አቭሪል በዚያ ትናደድ፣ በዚያ ትደሰት ነበር። በዚያን ጊዜ ሁሉ ዲግሪው ጸድቆ፣ ተዘግቶ፣ ፋይል ውስጥ ገብቶ ነበር። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።

በግንቦት መጀመሪያ ዘጠና ሦስተኛው ገጽ አለቀ። ሁለት ቅጂ አስጠርዤ፣ አንዱን ባቡር ተሳፍሬ ወስጄ አስረከብኩ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቆየች። የኛ አገር አስተራረም እንደሚታወቀው ነው፦ አንድ አስተማሪ ያርማል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሳያይ ያርማል፣ ከዚያ ከውጭ የመጣ ፈታኝ ያየዋል። አቭሪል ደረጃዎቹን እንደ ወጥ አሠራር ታውቃቸው ነበር። ሮዛሊንድ ስትመጣ ዓይኗን እንኳ በደንብ ሳትገልጥ ጠየቀቻት።

«የት ደረሰ?»

«ሁለተኛው አራሚ ጋ ነው፣ የኔ ውድ።»

«ኮስታራ ነው?»

«ፍትሐዊ ነው።»

«ጥሩ» አለች አቭሪል። «ኮስታራ ይሁን።»

ይህን ባለች በሦስተኛው ቀን ሞተች። ከመሞቷ በፊት ለእኔ የተናገረችኝ የመጨረሻው ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ሁለተኛው አራሚ ከደወለ ቀስቅሰኝ የሚል ነው።

ሬጅስትራሩ በደወለልኝ ሳምንት፣ በየካቲት የተፈረመውን ወረቀት ቅጂ ላኩልኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ይህን ዲግሪ በመቀበሌ ሥራዬ ታርሞ ደረጃ ያለው ዲግሪ የማግኘት መብቴን ትቻለሁ ይላል። የእሷ ፊርማ ያለው በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ነው፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ።

ሮዛሊንድን ጠራኋት፤ ሐሙስ መጣች። ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ፤ ልማድ ነው። ወረቀቱን ገበታው ላይ፣ በሁለተኛው ገጽ ገልጬ አስቀመጥኩት።

«ሁለተኛው አራሚ ማን ነበር?»

ወረቀቱን አየችው፤ አልነካችውም።

«ማንም አልነበረም፣ ክሊፍ።»

«አንደኛውስ?»

«እኔ ነበርኩ መሆን የነበረብኝ።»

«ስትነግርሽ ሰምተሻል። እዚሁ ወንበር ላይ።»

«ሐኪሙ ፋሲካ ብሎ ነበር። ባዶ እጇን እንዳትሄድ ፈራሁ። አትጨርስም ብዬ ነው። እምልልሃለሁ፣ አትጨርስም ብዬ ነው።»

«ስትጨርስስ?»

«መንገር አቃተኝ» አለች። «በየሳምንቱ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ነበር የምመጣው። ስመጣ ትሥቃለች።»

«ታበላሽም ነበር።»

«ታበላኝም ነበር።»

ውኃው ፈላ። ለራሴ ብቻ ሻይ ቀዳሁ። ለእንግዳ ሻይ ሳልቀዳ የቀረሁበት ቀን ከዚያ በፊት ትዝ አይለኝም።

«አሁን ላርመው» አለች። «ከልቤ አርመዋለሁ። ውጤቱን ጽፌ እሰጥሃለሁ።»

«ምን ልታገኝ ነበር?»

«ሰባ ሁለት ሳይሻገር አይቀርም።»

«አይቀርም አትበዪኝ። አንቺ በእርሳስ የጻፍሽበትን አንቺው ልታርሚው ነው? እሷ የጠበቀችው የማያውቃትን ሰው ነው። አይቷት የማያውቅ፣ ድንቿን በልቶ የማያውቅ።»

ኮቷን ለብሳ ወጣች። በሩን አልወረወርኩም፤ እንደ ወትሮው ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።

ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ። ዲግሪውን ውሰዱት፣ ጽሑፉን ግን አርሙት አልኳቸው። የመለሱልኝ በሦስት ሳምንት ነው። ዲግሪውን መመለስም ሆነ ይግባኝ ማለት የሚቻለው በተመራቂዋ ፊርማ ብቻ ነው ይላል ደብዳቤው፤ ለደረሰብኝ ኀዘን መጽናናትን ይመኛል። ሮዛሊንድም ለቦርዱ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ መጻፏን ሰምቻለሁ። ደንቡ ደንብ ነው አሏት።

ምረቃው ላይ አልሄድኩም። ዲግሪው በካርቶን ተጠቅልሎ በፖስታ መጣ። ስሟ ያለ ስሕተት ተጽፏል፤ ከስሟ ሥር ደረጃው የሚጻፍበት ቦታ ነጭ ነው።

ሰባ ሁለት የሚለው ደረሰኝ ፍሪጁ ላይ አለ። የመመረቂያ ጽሑፉ አንዱ ቅጂ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሌላው እነሱ ጋ። ዘጠና ሦስት ገጽ፣ አርባ አንድ ሴቶች። አልታረመም።