በማን ሰዓት ዘጠኝ

ትእዛዙ አጭር ነበር፦ «ጀልባ በዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል። በምሥራቁ ዳርቻ ጠብቁ።» በሬዲዮ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ቀይ ባሕር ላይ ካለች አንዲት ድንጋያማ ደሴት ሃያ ሁለታችንም ልንወጣ ነበር።

ባሕር ኃይሎች ሰዓት የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው፤ እኛ እግረኞች በሀበሻ። ስለዚህ ሁልጊዜ «በማን ሰዓት?» ብዬ እጠይቅ ነበር። የወዲያኛው ኦፕሬተር ይስቅብኛል፦ «እቴ፣ ዛሬም ሰዓት አልተማርሽም?» የዚያን ዕለት አፈርኩና ሳልጠይቅ ዘጋሁ። ከቀትር በኋላ ነው ብዬ አስተላለፍኩ።

ጀልባዋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። እኛ ገና ምሽግ ውስጥ ነበርን። ዕቃ ሰብስበን እስክንወርድ ባሕሩ ሸሸ፤ ጀልባዋም ድንጋዩን ፈርታ ወደ ጥልቁ ራቀች። በእግር መድረስ ነበረብን። ድንጋዩ ያዳልጣል። ከማዶ መድፍ ጀመረ። «ተኛ!» አለ አንዱ። የሚተኛበት አልነበረም። ሮጥን።

መርማሪዎች ሲመጡ የመገናኛ አለቃዬ አስር አለቃ ታደሰ ቀደመኝ። «ሰዓቱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። ማዕረጉን ገፈፉት። ለምን ስለው፣ «አለቃሽ ነኝ፤ ዝም በይ» አለኝ። ዝም አልኩ። በኋላ ተጋባን።

ካናዳ ከተሰደድን በኋላ፣ ቶሮንቶ ያሉ የጦር ጓዶቻችን ቶርንክሊፍ ፓርክ ቤታችን ሲመጡ፣ እሱ በር ሲከፍት «ዘጠኝ ሰዓት! ዛሬስ አላረፈድክም?» ይሉት ነበር። እሱ ይስቃል። እኔ ሻይ እቀዳለሁ። ልጃችን በዚህ ቅጽል ስም መሃል አደገች። ባለፈው ክረምት በቀብሩ ላይም አንዱ እያለቀሰ «ዘጠኝ ሰዓት፣ ቀደምከን» አለው።

በዚህ በጋ ልጄ «ትንሽ አየር ያስፈልግሻል» ብላ ሁለት ቀን ነድታ አትላንቲክ ዳር ወዳለች ትንሽ ደሴት ወሰደችኝ። ባሕሩ ሸሽቶ ድንጋዩ ተገልጦ ነበር፤ በየስንጥቁ ውኃ ቀርቷል። ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆምኩ።

«ማሚ፣ ቀስ በይ፤ ስሊፐሪ ነው» አለችና እጄን ያዘች። «ዳዲ ሰዓቱን የተሳሳተው እንደዚህ ዓይነት ቦታ ነው፣ አይደል?»

«አባትሽ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ።»

«ዋት?» እጄን ግን አልለቀቀችም። ሁሉንም ነገርኳት። «እሱ እያለ ለምን አልተናገርሽም?» አለችኝ።

«ይቆጣኛል እል ነበር። እውነቱ ግን፣ ጓዶቻችን እንዳይጠሉኝ ነው።»

ውኃው መመለስ ሲጀምር ወጣን።

በዚያ ጠዋት ከሃያ ሁለታችን አራት ሞቱ፦ መቶ አለቃ ገብሬ፣ ሃምሳ አለቃ ዓለሙ፣ ወታደር ተሾመ፣ ወታደር ኑሩ። የኑሩን አስከሬን አላገኘነውም። ልጆቻቸው ይህን ካነበባችሁ፣ ይቅርታ አልለምንም፤ እሱ የእናንተ ፈንታ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ የአባቶቻችሁን ሞት ከባለቤቴ ስም ላይ አንሡና በእኔ ላይ ጻፉት።